ከማሳ እስከ ጎተራ ያልታየው የካንሰር ስጋት

የመኸር ሰብል በሚሰበሰብበት ወቅት አርሶ አደሩን እንቅልፍ የሚነሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብና ነቀዝ። ዝናቡ የደረሰውን ሰብል እንዳያበላሸው ቤተሰቡና ጎረቤቱ በደቦ ይረባረባል። ነቀዙ የዓመት ቀለቡን እንዳይጨርሰው ደግሞ ከገበያ የዱቄት መድኃኒት ተገዝቶ ከእህሉ ጋር ይደባለቃል። ሁለቱም ስጋቶች እውነተኛ ናቸው። ይሁንና ከሁለቱ ጀርባ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ሦስተኛ ስጋት አለ። ባልደረቀ እህል ላይ የሚያድገው ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ለካንሰር እንደሚዳርግ በሳይንስ ተረጋግጧል። ነቀዝን፣ አረምንና ተባይን ለመግደል የሚውሉ አንዳንድ ኬሚካሎችም በካንሰር አምጪነት ተፈርጀዋል፤ ወይም ይጠረጠራሉ።

ካንሰር የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለገደብ ሲባዙ የሚፈጠር በሽታ ነው። ከእርግማንም ከቁጣም የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም በንክኪ አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከካንሰር ሕመሞች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን አጋላጭ ምክንያቶችን በማስወገድና አስቀድሞ በመከላከል ማስቀረት ይቻላል። ትምባሆ፣ አልኮል፣ የጉበት ቫይረሶችና የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ከዋና ዋናዎቹ አጋላጭ ምክንያቶች መካከል ናቸው። ለእነዚህ የሚሰጠው ትምህርት ቀስ በቀስ ወደ ገጠሩ እየደረሰ ነው። በእርሻ ሥራው ውስጥ ስላሉት አጋላጭ ምክንያቶች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የጤና ባለሙያው ወደ ጎተራ አይገባም፤ የግብርና ባለሙያውም ስለ ካንሰር አያወራም።

የሻጋታው መርዝ

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች የሚያረቡ ሰዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ወፎች አለቁ። በሽታው ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ተላላፊ በሽታ አልነበረም። ምርመራው ያመራው ወደ መኖው ነበር። ለመኖነት ከውጭ በገባው የለውዝ ፋጉሎ ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ አድጎ መርዝ አመንጭቶ ተገኘ። መርዙም ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ።

ይህ ሻጋታ በአፈር ውስጥና በሰብል ተረፈ ምርት ላይ የሚኖር በመሆኑ በማንኛውም ማሳ ሊገኝ ይችላል። ለውዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላና በርበሬ በቀላሉ ከሚጠቁት ሰብሎች መካከል ናቸው። ጉዳቱ ገና በማሳ ላይ ሊጀምር ይችላል፤ በድርቅ የተጎዳና በትል የተበሳ ሰብል ለሻጋታው በር ይከፍታል። መርዙ በፍጥነት የሚጨምረው ግን ሰብሉ ሳይደርቅ ሲከመር፣ በእርጥብ መሬት ላይ ሲሰጣና ሙቀት ባለው ጎተራ ውስጥ ሲታፈን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በመጀመሪያው ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው ጎራ መድቦታል። ዒላማው በዋናነት ጉበት ነው። በአንድ ጊዜ በብዛት ከተበላ ደግሞ ካንሰር እስኪመጣ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤት ኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል እርጥበት ይዞ የተከማቸ በቆሎ የተመገቡ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሕይወታቸው አልፏል። ብዙዎቹ የበሉት በራሳቸው ማሳ አምርተው በራሳቸው ቤት ያስቀመጡትን በቆሎ ነበር።

የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው ሌላው ነገር መርዙ በማብሰል የማይወገድ መሆኑ ነው። ሻጋታው በምጣድና በድስት ሙቀት ይሞታል፤ ያመነጨው መርዝ ግን የተለመደውን የማብሰያ ሙቀት ተቋቁሞ ይቆያል። በዚህ ምክንያት የሻገተውን እህል አጥቦና አስጥቶ መፍጨት ችግሩን አይፈታም። መልኩን ያሳምረዋል እንጂ መርዙን አያወጣውም።

"ለጠላ ይሆናል" ወይም "ለከብት ይሁን" የሚባለው ልማድም ከስጋቱ አያድንም። በሻገተ እህል የተጠመቀ ጠላ መርዙን ይዞ ይወጣል፤ አተላውም እንዲሁ። የተበከለ መኖ የበላች ላም በሰውነቷ የለወጠችውን የመርዙን ዝርያ በወተቷ ታወጣለች። በአዲስ አበባና አካባቢዋ በሚገኙ የወተት ላሞች ላይ የተካሄደ ጥናት የወተቱ ብክለት ዋና ምንጭ ኑግ ፋጉሎ እንደሆነ አመልክቷል። ይህም ማለት ከጎተራ የወጣው መርዝ በሌላ መንገድ ተመልሶ ወደ ሕፃናቱ ኩባያ ይገባል ማለት ነው።

በአንድ ጉበት ላይ ሁለት ጠላት

አፍላቶክሲን ብቻውን አደገኛ ቢሆንም ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደሙ ላለ ሰው ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሁለቱም ነጻ ከሆነ ሰው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን በጥናት ተመልክቷል።

ለዚህ ቫይረስ ክትባት አለ። በአገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወስዱት አምስት በሽታ ተከላካይ ክትባት ውስጥ አንዱ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ነው። ስለዚህ ልጇን ወደ ጤና ኬላ ወስዳ ሦስቱንም ክትባት ያስጨረሰች እናት ልጇን ከወደፊቱ የጉበት ካንሰር ጭምር እየተከላከለች ነው። የደረቀ እህልና የተሟላ ክትባት ለየብቻ የሚታዩ ሥራዎች ቢመስሉም አንዱን ጉበት በሁለት ወገን የሚጠብቁ አጥሮች ናቸው።

ኬሚካሎቹስ?

ስለ ጸረ-ተባይና ጸረ-አረም ኬሚካሎች የሚሰማው ወሬ ከሁለት ጫፍ ይመጣል። አንዱ "ሁሉም ካንሰር ያመጣል" ሲል ሌላው "ዓመታት ረጭቼ ምንም አልሆንኩም" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ የእርሻ ኬሚካሎችን መርምሮ በየደረጃቸው መድቧል። ሊንዴን የተባለው ጸረ-ተባይ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ጎራ ገብቷል። ዲዲቲ፣ ማላታይን፣ ዳያዚኖንና ግላይፎሴት "ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው" ከተባሉት ጋር ተመድበዋል። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ለሰፋፊ ቅጠል አረም በብዛት የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ደግሞ ማስረጃው ውስን በመሆኑ "ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" በሚባለው ዝቅ ያለ ምድብ ውስጥ ነው ያለው።

ይህ ምደባ አንድ ነገር ካንሰር ማምጣት መቻል አለመቻሉን ይናገራል እንጂ አንድ ጊዜ የነካው ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አደጋውን የሚወስነው መጠኑ፣ ድግግሞሹና ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ ነው። ኬሚካሎቹን በሚመለከት በተለያዩ አገሮች ያሉ ተቆጣጣሪ ተቋማት የሚሰጡት ግምገማም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ግላይፎሴት ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። በአሜሪካ ሁለት ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ወደ 89 ሺህ የሚጠጉ ኬሚካል ርጪዎችንና የትዳር አጋሮቻቸውን ሲከታተል የቆየው ጥናት ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ትምባሆ የሚያጨሱት አርሶ አደሮች በጠቅላላው በካንሰር የመያዝ መጠናቸው ዝቅ ያለ መሆኑን፣ የፕሮስቴትና አንዳንድ የደም ካንሰሮች ግን ከፍ ብለው መታየታቸውን አሳይቷል። እነዚያ አርሶ አደሮች ከሞላ ጎደል ጓንት፣ ቦቲና በትራክተር የሚሳብ መርጫ አላቸው። ባዶ እግሩን ሆኖ የሚያንጠባጥብ መርጫ በጀርባው የሚያዝል አርሶ አደር ወደ ሰውነቱ የሚገባው መጠን ከእነርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ኬሚካል ሳይረጩ የሚጋለጡም አሉ። ለመርጫው ውኃ የሚቀዱ ልጆች፣ የርጭት ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና በባዶ የኬሚካል ጀሪካን ውኃ ወይም ዘይት የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች በዚህ ይጠቀሳሉ። ሸማቹም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከጅማ ዞን በተወሰዱ የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የበርበሬና የቡና ናሙናዎች ላይ የዲዲቲና የሌሎች ጸረ-ተባዮች ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። ዲዲቲ ወደ አገር የገባው ለወባ ትንኝ መከላከያ እንጂ ለእህል አልነበረም።

የመለያው ቀለም የማይናገረው

በኬሚካል ዕቃዎች ላይ ከታች የሚታየው ባለቀለም መስመር የመመረዝ አደጋን ያመለክታል። ቀይ ከፍተኛ አደጋን፣ ቢጫና ሰማያዊ ዝቅ እያለ የሚሄደውን፣ አረንጓዴ ደግሞ ዝቅተኛውን ያሳያል። ብዙዎች አረንጓዴ መስመር ያለውን "ጉዳት የለውም" ብለው ይወስዱታል። ነገር ግን መስመሩ የሚናገረው በዚያው ቀን ወይም በዚያው ሳምንት ስለሚደርስ መመረዝ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣ ካንሰር አይናገርም። ስለዚህ ጥንቃቄው ለቀዩም ለአረንጓዴውም አንድ ነው።

ኬሚካል ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በቆዳ በኩል ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ የጎማ ጓንትና ቦቲ ከሁሉ በፊት የሚቀድሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ከነፋስ አቅጣጫ ጋር እንጂ በተቃራኒው አለመርጨት፣ ሁለትና ሦስት ኬሚካል በግምት አለመቀላቀል፣ በርጭት ላይ እያሉ አለመብላትና አለማጨስ፣ ሲጨርሱ ወዲያውኑ ገላን መታጠብና ልብሱን ከሌላው ልብስ ለይቶ ማጠብ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። መርጫውን በወንዝና በምንጭ አጠገብ ማጠብ ግን የታችኛውን ተጠቃሚ ሁሉ የሚጎዳ ነው። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በጎመን ላይ ደግሞ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት ማንሻው ድረስ መቆየት ያለበት የቀናት ገደብ በመለያው ላይ ተጽፏል። ዋጋ ተወደደ ተብሎ ትናንት የተረጨን ቲማቲም ዛሬ ለገበያ ማቅረብ ገደቡን መጣስ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ከመግዛቱ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ወይም ተማሪ ልጁን ማስነበብ አለበት።

ሁለቱን ስጋት በአንድ ላይ መቀነስ

የሻጋታው መርዝና የነቀዝ ኬሚካሉ የሚገናኙት በጎተራ ነው። መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ እህልን በሚገባ ማድረቅና አየር በማያስገባ ዕቃ ማስቀመጥ ሁለቱንም ስጋት በአንድ ጊዜ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው እርምጃ ማድረቅ ነው። ሰብሉ ሲደርስ በወቅቱ መሰብሰብ፣ በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ፣ በምንጣፍ ወይም በአልጋ ላይ ማስጣት፣ ማታና ደመና ሲመጣ መሸፈን ያስፈልጋል። በቆሎ ለክምችት የሚበቃው እርጥበቱ 13 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ በጨው መለየት ይቻላል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ተወስዶ ክዳን ባለው ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል። እስከ ጠርሙሱ ሲሶ የሚደርስ እህል ታክሎበት ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል፤ ከዚያም ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ስላለው ተመልሶ መሰጣት አለበት። ካልተጣበቀም በቆሎ ከሆነ ጥቂት ተጨማሪ ፀሐይ ቢያገኝ ይመረጣል።

ሁለተኛው መለየት ነው። የሻገተ፣ የተሰበረ፣ ቀለሙ የተለወጠና በትል የተበላ ፍሬ ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀል መልቀም የመርዙን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። የተለቀመው ለዶሮም ለላምም ለጠላም ሳይውል መቀበር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ማከማቸት ነው። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት አለው። የመጀመሪያው ላስቲክ አየሩ ወጥቶ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ በመጨረሻም የውጪው ይታሰራል። በውስጡ የቀረውን አየር ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰውና ታፍኖ ያልቃል። በመሆኑም ኬሚካል አያስፈልግም። ከረጢቱ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ አይጥ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ካልተቀደደ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። ነገር ግን እርጥብ እህል በውስጡ ከታሰረ ሻጋታው ይብሳል፤ ከረጢቱ የማድረቂያ ምትክ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ነቀዝ ኪኒኑ ማንሳት ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ይህ ኬሚካል እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎታ ከተጨመረ ቤተሰብ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ይህ የካንሰር ሳይሆን የአንድ ሌሊት አደጋ ነው። ሥልጠና ባላቸው ሰዎች እጅ ብቻ፣ ከመኖሪያ በተለየ መጋዘን ውስጥ ሊሠራበት ይገባል።

የገበያው ጉዳይ

ጤናው ብቻ ሳይሆን ገቢውም አብሮ የሚታይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው በሚገባ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም አይበልጥም። ይህ በ1 ሺህ ኩንታል በርበሬ ውስጥ አንድ ግራም መርዝ እንደማለት ነው። ክብደት ለመጨመር በውኃ የተረጨ በርበሬ ወይም በአፈር ላይ የተሰጣ ምርት ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። አንድ ነጋዴ የቀላቀለው እርጥብ ጆንያ የሌሎች አርሶ አደሮችን ንጹሕ ምርትም አብሮ ያስጥላል።

ከወረዳው የሚጠበቀው

አርሶ አደሩ በቤቱ የሚያደርገው ጥንቃቄ ያለ አስተዳደሩ ድጋፍ ሩቅ አይሄድም። የጸረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ጸረ-ተባይ ለሽያጭም ሆነ ለአገልግሎት እንዳይውል ይደነግጋል። አዋጁ በተግባር የሚፈተነው በወረዳ ከተማ ሱቆችና በቅዳሜ ገበያ ነው። ከጨውና ከስኳር ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ፣ ከትልቁ ዕቃ በውኃ ላስቲክ እየተቀነሰ ያለመለያ የሚቸረቸር ኬሚካል ለገዢው ስሙም መጠኑም አይታወቅም። የወረዳው ግብርና፣ ንግድና ጤና ጽሕፈት ቤቶች በጋራ የሚያደርጉት ቁጥጥር ከርጭት ወቅት በፊት መጀመር አለበት፤ ሰው ከተመረዘ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ዘግይቷል።

ባዶ የኬሚካል ዕቃ መሰብሰቢያም ያስፈልጋል። ዕቃው ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው ከተመለሰ በኋላ መበሳት እንዳለበት ይመከራል። አርሶ አደሩ ግን የተበሳውን ዕቃ የት ያድርሰው? የሚያስረክብበት ቦታ ከሌለ ወይ በማሳ ዳር ይጥለዋል ወይ ያቃጥለዋል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ጎን የተቆለፈ አንድ ክፍል መመደብ ለብዙ ቀበሌዎች ጅምር ሊሆን ይችላል።

ማኅበራትና ዩኒየኖች ምርት ሲረከቡ የእርጥበት መለኪያ ቢጠቀሙና ለደረቀና ለተለቀመ እህል የተሻለ ዋጋ ቢከፍሉ ከስብሰባ በላይ ያስተምራል። የማከማቻ ከረጢትና የርጭት ጓንት ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር አብሮ በወቅቱ ቢቀርብ አርሶ አደሩ ኬሚካሉን ብቻ ገዝቶ ወደ ቤቱ አይመለስም።

በአብዛኞቹ ቀበሌዎች የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉና ጤና ኬላው ተቀራርበው ነው የሚገኙት። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ አንድ ቤት በየተራ ይሄዳሉ። አንደኛው ስለ ማሳ፣ ሌላዋ ስለ ጓዳ ትናገራለች፤ ጎተራው ግን በመካከል ይቀራል። በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ሁለቱ አብረው አንድ ጊዜ ቢጎበኙ እህሉ መድረቁን፣ ኬሚካሉ ከምግብ ተለይቶ መቀመጡንና የሕፃኑ ክትባት መሟላቱን በአንድ ጉብኝት ማየት ይችላሉ። ይህ ተጨማሪ በጀት ሳይሆን የሥራ መርሐ ግብር ማቀናጀትን ይጠይቃል።

ጥንቃቄ ተደርጎም ሕመም ሊመጣ ይችላልና ምልክቱን ማወቅ ተገቢ ነው። በቀኝ ጎድን ሥር የማይለቅ ሕመም ወይም እብጠት፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሆድ መነፋትና ብዙዎች "የወፍ በሽታ" የሚሉት የዓይን ቢጫ መሆን ሲታይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከሥር መድኃኒት ጋር ወራት ካለፉ በኋላ ሆስፒታል መድረስ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለውን ያጠብበዋል። ታማሚው ከኬሚካል ጋር የሚሠራ ከሆነም ምን ሲረጭ እንደቆየ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

የዘንድሮው ምርት ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው። በእነዚህ ቀናት የሚሰጣው ሸራ፣ የሚለቀመው ፍሬና ከጎታው አጠገብ የሚነሳው የኬሚካል ዕቃ ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ በየቀኑ ከሚበላው ምግብ ጋር የተያያዘ ነው።